በረኪና የሸተተው ብርጭቆ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ። ሙዚቃው ዝግ እያለ ሲሄድ ውሃ ከቦኖ ወደ ጄሪካን ሲወርድ ይሰማል።)

እንጅባራና ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ፣ ቻግኒም ሆናችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ ቡናው ከቀረበ እየጠጣችሁ አድምጡን። የዛሬው ወሬያችን ቡናው ስለተፈላበት ውሃ ነው።

ከአንዲት የእንጅባራ እናት የደረሰንን ጥያቄ ላንብብላችሁ። «ልጄ ለእረፍት መጥታ ክሎሪን ያለበት ውሃ ካንሰር ያመጣል አለችኝ። እኔም የቧንቧው ውሃ ሰሞኑን በረኪና በረኪና ስለሚለኝ ትቼው ከሰፈራችን በታች ካለው ምንጭ መቅዳት ጀምሬያለሁ። ጥሩ አደረግሁ ወይ?» ይላል።

እናቴ፣ ልጅዎ የነገረችዎት ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ከጀርባው ከሃምሳ ዓመት የዘለለ ምርምር አለ። የእርስዎ መፍትሔ ግን ከችግሩ የሚብስ ይመስለኛል። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት በስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጫለሁ።

(ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ ይሰማል።)

በአንደኛው ንጹሕ ውሃ አለ። በሁለተኛው ሻይ፤ ስኳር የሌለው፣ የቀዘቀዘ። በሁለቱም ላይ ልብስ የምናነጣበትን በረኪና አምስት አምስት ጠብታ እጨምራለሁ። (ቃሉ በነገራችን ላይ ከጣልያን የወረስነው ነው፤ እነሱ ቫሬኪና ይሉታል።) አሁን ሁለቱንም በሳህን ከድኜ ላስቀምጣቸው፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ ከፍተን እናሸታለን። ሬዲዮ ሽታ ስለማያስተላልፍ እኔን ማመን ይኖርባችኋል። ቤታችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ሁለቱም ብርጭቆ የሚደፋ እንጂ የሚጠጣ አይደለም፤ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

(አጭር ሙዚቃ።)

ክሎሪን ውሃ ውስጥ የሚገባው ጀርም እንዲገድል ነው። ነገር ግን ክሎሪን ጀርምን ከሌላው መርጦ የሚያጠቃ ነገር አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ቅጠል ወንዝ ዳር ወድቆ ሲበሰብስ፣ ሣርና ሥር አፈር ውስጥ ሲብላላ፣ ጭማቂው እየሟሟ ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል። ሻይ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ቅጠል በውሃ። ክሎሪን ከዚህ የቅጠል ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ካርቦኑን እየነካከሰ ቀድሞ ያልነበሩ አዳዲስ ውህዶችን ይሠራል። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቁት ትራይሃሎሜቴን የሚባሉት አራት ወንድማማቾች ናቸው፤ የታላቅየው ስም ክሎሮፎርም ነው። አዎ፣ ያ ሐኪሞች በድሮ ጊዜ በሽተኛን ለቀዶ ሕክምና ያስተኙበት የነበረው ክሎሮፎርም። ሃሎአሴቲክ አሲድ የሚባሉ ሌሎችም አሉ። በጥቅል ስማቸው የክሎሪን ተረፈ ምርቶች እንበላቸው።

ይህን መጀመሪያ የደረሰበት ዮሃንስ ሩክ የሚባል የኔዘርላንድ ኬሚስት ነው፤ በሮተርዳም ከተማ የውሃ አገልግሎት ይሠራ ነበር። ውሃውን በተከደነ ጠርሙስ አድርጎ፣ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ቀድቶ መረመረው። ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ጠላ የጠመቀች ሴት የጋኑን አፍ ገለጥ አድርጋ አየሩን አሽትታ ስለ ጠላው ትናገር የለ? እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ በአፍንጫ ፈንታ መሣሪያ መሆኑ ነው። ሩክ ክሎሪን ያልነካው የወንዝ ውሃ ውስጥ የሌለ ክሎሮፎርም ክሎሪን ከገባ በኋላ እንደሚገኝ አየ። ምክንያቱ ውሃውን ቡናማ የሚያደርገው የበሰበሰ እጽዋት ጭማቂ መሆኑንም አሳየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን በ1974 አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎችም በየፊናቸው ተመሳሳዩን አገኙ፤ አሜሪካም በ1979 የመጀመሪያውን ገደብ አወጣች።

የልጅዎ ወሬ ምንጩ እዚህ ነው፤ ካንሰሩ ጋ እንምጣ። በአውሮፓና በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች እነዚህ ተረፈ ምርቶች የበዙበትን ውሃ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር በመጠኑ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አመልክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ክሎሮፎርምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ነገሮች ተራ መድቦታል። በክሎሪን የታከመውን የመጠጥ ውሃ ራሱን ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 መርምሮ፣ ያለው ማስረጃ ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ብሎ ለመመደብ አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ነገሩ ባዶ ሽብር አይደለም፤ የተረጋገጠ የሞት ፍርድም አይደለም።

መጠኑን በእጃችን እንመዝነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 300 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው ልክ በገደቡ ላይ ያለ ውሃ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ፣ አንድ ግራም ክሎሮፎርም ለመጠጣት አራት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ገደቡም የወጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠጣዋል ተብሎ ታስቦ ነው።

እናቴ፣ በሌላው የሚዛን ጎን ያለውን ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እናገኘዋለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ፍለጋ ከየአቅጣጫው በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ በሽታው ከባሌ ተነስቶ አገሩን ያዳረሰበት ወቅት ነው። ኮሌራ አራት ዓመት ተኩል አይጠብቅም። ጠዋት ደህና የነበረን ጎልማሳ ፈሳሹን ጨርሶ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ሕፃንማ ከዚያም ይፈጥናል።

ይህን ርእስ ያነሳ ሁሉ የፔሩን ታሪክ ይጠቅሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 እዚያ ኮሌራ ተነስቶ በአንድ ዓመት ከ300 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋው ሞቷል። የፔሩ ባለሥልጣናት የካንሰሩን ወሬ ፈርተው ክሎሪን ስለተዉ ነው ብለው የጻፉ አሉ። ጉዳዩን ቀረብ ብለው ያዩ ሌሎች ደግሞ የለም፣ ድሮም ክሎሪን በወጉ አይገባም ነበር፣ ቧንቧው አርጅቷል፣ ድህነቱም ተደርቧል ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ። ከተማ ክሎሪን የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በፍልስፍና አይደለም፤ ዱቄቱ አልቆ፣ የሚጨምረው ሰው ቀርቶ ነው። የሆነው ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፦ ተረፈ ምርቱን ለመቀነስ ተብሎ ጀርም መግደሉ አይጓደልም።

(አጭር ሙዚቃ።)

ታዲያ ተረፈ ምርት በእኛ ውሃ ውስጥ ብዙ ነው ወይ? መልሱ ያለው ውሃው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የምትጠጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው። የሜዳው ጎርፍ አፈሩንም ሣሩንም ቅጠሉንም ጠራርጎ ግድቡ ውስጥ ይከተዋል። ጎንደርም ከአንገረብ ግድብ ስትጠጣ እንዲሁ ናት፤ አንገረብ ደለል እየሞላው መቸገሩን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። እንዲህ ያለ ውሃ መጀመሪያ በአሉም ረግቶ፣ በአሸዋ ተጣርቶ፣ ከዚያ ነው ክሎሪን የሚገባው። ማጣራቱ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ጭማቂ ብዙ ክፍል ይዞ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ድፍርሱ ላይ ክሎሪን ተጨምሮ በኋላ ቢጣራ፣ ተረፈ ምርቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ያበቃል።

የእኛ አገር ሌላ ነው። የአዊ መሬት ከሥሩ እሳተ ገሞራ የጣለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዘንገናና ጥርባ ሐይቆች የዚያ እሳት አሻራ ናቸው። ዝናቡ በዚህ አፈርና ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ ምንጭና ጉድጓድ ይሆናል፤ ሲሰርግ መንገዱን ሁሉ ይጣራል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቅጠል ጭማቂ እምብዛም አይገኝም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱም ያግዛል፣ ተረፈ ምርት በሙቀት ይፋጠናልና። ብርዱ ግን ባለ ሁለት ስለት ነው፤ ክሎሪን ጀርም የሚገድልበትንም ፍጥነት ያዘገየዋል። ስለዚህ ክሎሪን የገባበት ውሃ ቦኖው ላይ ከመድረሱ በፊት በማጠራቀሚያው ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲቀዳ፣ ውሃው ማጠራቀሚያው ውስጥ ሳያርፍ ሊያልፍ ይችላል። ይህን የውሃ ባለሙያ በዓሉ ሳይደርስ ማሰብ አለበት።

ጉድጓድ ሁሉ ግን ጥልቅ አይደለም። በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዳቸውን ውሃ በራሳቸው እጅ እየለኩ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው ሰው ሳይለካም የሚያውቀው ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ወዲያው ወደ አፉ ይጠጋል። ቶሎ የሚጠጋ ውሃ በአፈሩ ውስጥ ብዙ አልቆየም ማለት ነው፤ የእበቱም የቅጠሉም ነገር አብሮት ሊገባ ይችላል።

ምንጭም እንዲሁ። በወጉ የጎለበተ ምንጭ ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ታሽጎ፣ ከላዩ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ አለው። ቦዩ ከተደፈነ ግን የሐምሌ ጎርፍ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይወርዳል። ከምንጩ አናት ላይ ዲከረንስ ተተክሎ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ፋግታ ለኮማን በከሰል ስም ያስጠራው ይህ ዛፍ ቅጠሉ እንደ ላባ የተበጣጠሰና ረቂቅ ነው፤ ወንፊት አይዘውም፤ ልጡም ቆዳ የሚለፋበት የታኒን ሀብት ነው። ለገበሬው በረከት ነው፣ አልቃወምም። ምንጭ አናት ላይ ግን ቦታው አይደለም።

አሁን ወደ ማጠራቀሚያው እንውጣ። ከኮረብታው ላይ ነው፤ መሰላሉን ይዛችሁ ውጡ፣ ክዳኑን ግለጡት። ክዳኑ ተሰብሮ ከሆነ የወፍ ኩስና ቅጠል ገብቷል። ሥሩ ካልታጠበ የረጋው ዝቃጭ ክሎሪኑን በጸጥታ ይበላዋል። የከተማው ሰው ይህን አያይም። የሚያየው የክሎሪኑን ሽታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ክሎሪን የሚጨምረው ሠራተኛ ይመጣል። ማጠራቀሚያው 50 ሜትር ኪዩብ ቢይዝና ውሃው በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢያስፈልገው፣ በጠቅላላ የሚያስፈልገው 100 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ነው። ዱቄቱ 70 በመቶ ክሎሪን ከሆነ 143 ግራም ይመዝናል። ክዳኑ ተከፍቶ ከርሞ ኃይሉ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ ግን 250 ግራም ሊፈልግ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ኃይሉ ካልወረደው ዱቄት በግምት አንድ ኪሎ ቢጨምርበትስ? በሊትር 14 ሚሊግራም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያው 5 ነው። ያን ቀን ቦኖው በረኪና ቢሸት አይገርምም። በማግሥቱ ሰው ተቆጥቶ ጮኸ ተብሎ ደግሞ ምንም ሳይጨመር ይውላል። እኔን ከክሎሮፎርሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ አንድ ቀን ከልክ በላይ፣ በሌላው ቀን ባዶ። ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሚዛን ሳይሰጡት ልክ አጣህ ማለት ግፍ ነው።

እንጅባራን ኮሶበር እያሉ የሚጠሯት አሁንም አሉ። ኮሶ የጠጣ ትውልድ ልዩ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ መራራ ነው፣ ይጠቅማል፣ ከልኩ ካለፈ ደግሞ ሰው ይጥላል። ኮሶ አዋቂ ይለካው የነበረው ለዚያ ነው።

የክሎሪኑን ልክ ማወቅ ከባድ አይደለም። ኮምፓራተር የምትባል የእጅ መዳፍ የምታህል ዕቃ አለች። ከቦኖው ውሃ ትቀዱባታላችሁ፣ አንዲት እንክብል ትጨምራላችሁ፣ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ሮዙ በደመቀ ቁጥር የቀረው ክሎሪን በዝቷል። ቦኖው ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መቅረት አለበት፤ ከ0.5 ብዙም ካላለፈ አብዛኛው ሰው ሽታውን ይለምደዋል። መለካት ያለበትም ማጠራቀሚያው አጠገብ ብቻ አይደለም፤ የመስመሩ ጫፍ ያለው ቦኖ ነው እውነቱን የሚናገረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በተለይ፤ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በስንጥቁ የውጭውን ጭቃ ይስባል፣ ውሃው ሲመለስ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ተበልቶ ያልቃል።

እናቴ፣ ስለ ሽታው አንድ ነገር ይወቁልኝ። የሸተተዎት ክሎሪኑ ነው፤ የፈሩት ተረፈ ምርት ግን በዚህ ውሃ ሊኖር በሚችለው መጠን ለአፍንጫ አይታወቅም። የማይሸት ውሃ ተረፈ ምርት የለበትም ማለት አይደለም፤ የሚሸት ሁሉም ሞልቶበታል ማለት አይደለም።

ቤትዎ ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ሽታው ካስቸገረዎት ውሃውን በንጹሕ ዕቃ ቀድተው በስሱ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩት፤ ሽታው ይቀንሳል። ክሎሪኑ ከሄደ በኋላ ግን ጠባቂ የለውም፤ እጅ ወይም ጣሳ አይንከርበት። የሚፈላ ውሃ ላይ ክሎሮፎርም አይቆይም፤ በ61 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነውና በእንፋሎቱ ይወጣል። የጀበናዎ ውሃ ከዚህ አንጻር ብዙም አያሳስብ። ሃሎአሴቲክ አሲዶቹ ግን በማፍላት አይወጡም።

ድፍርስ ውሃ ከመጣ ክሎሪን አያስቀድሙ። እስኪረጋ ያቆዩት፣ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት፣ ጥራቱን ወደ ሌላ ዕቃ ይቅዱ፤ ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ የቤት ውስጥ ማከሚያ ካለዎት ያን ጊዜ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። «ለጥንቃቄ» ብለው እጥፍ አያድርጉት። አንዳንዶች ድፍርሱን በሽፈራው ፍሬ ያጠራሉ፤ ያጠራል፣ ግን ፍሬው ራሱ እጽዋት ነው፣ ጭማቂው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከሽፈራው በኋላ መጀመሪያ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ወዲያው ክሎሪን መጨመር አይመከርም።

እየቀዱበት ያለው ምንጭስ? የጎለበተ ከሆነ፣ ከላዩ ከብት የማይውልበት፣ ሽንት ቤት የሌለበት ከሆነ ደህና ነው፤ እሱንም በቤትዎ ያክሙት። ዓይኑ የተከፈተ ከሆነ ግን በተለይ በዚህ ክረምት ወደ ቦኖው ይመለሱ። ሽታው ሲበዛ ውሃውን ከመተው ይልቅ ወደ ከተማው የውሃ አገልግሎት ሄደው «ዛሬ እኛ ሰፈር ቦኖ ላይ የቀረው ክሎሪን ስንት ነው? ማጠራቀሚያው መቼ ታጠበ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ፤ እሷ ሮዙን ማንበብ ትችላለች።

(ብርጭቆ ከሳህን ሲነካካ ይሰማል።)

አሁን ብርጭቆዎቹን እንክፈት። የንጹሑን ውሃ ላስቀድም። አዎ፣ በረኪናው አሁንም ይሸታል። የድምፅ ባለሙያችንም አፍንጫውን ይዞ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ሻዩን ልክፈት። ሻይ፣ ሻይ ብቻ ነው የሚለው። አምስቱን ጠብታ ቅጠሉ በልቶታል፤ አሁን እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ጀርም ቢገባ የሚገድለው ነገር አልቀረም።

ሁለቱንም ልደፋቸው ነው። ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ጄሪካንና እንስራ በምን እንደሚታጠብ ይዘን እንመለሳለን። ደህና ሁኑ።

(ውሃ ሲደፋ ይሰማል። መለያ ሙዚቃ።)